ቢላዋው የጸሐይ ነው

ጸሐይ የምትኖረው ኦንታሪዮ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ አንድ የኪራይ ሕንፃ ላይ፣ ከባለቤቷ ከዘመድኩንና ዩኒቨርሲቲ ከገባችው ልጇ ከሩሀማ ጋር ነው። የምትሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ የጠጣ አንሶላ ከማሽን ሆድ እየጎተተች ስታወጣ ኖራ ክንዷ እንደ ገመድ ጠንክሯል። ሬክስዴል ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው «እህት ጸሐይ ዝምተኛ ናት» ይሏታል፤ ማመስገናቸው ነው። እሷ ግን ዝም የምትለው የምትናገረው አጥታ አይደለም። ብትናገርም የሚሰማት ስለማታገኝ ሰልችቷት ነው።

የቢላዋው ነገር የተጀመረው አምና ሰመር ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ባዘጋጀው ካምፕ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን ሄደው፣ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው፣ ሥጋ ለመጥበስ ማገዶ ገዙ። ማገዶው በመረብ ታስሮ የሚሸጥ፣ እንደ ጭን የወፈረ፣ ዝናብ ሲመታው የከረመ እርጥብ ግንድ ነበር። ወንዶቹ ዙሪያውን ከበው ቆሙ። መጥረቢያ ያመጣ አንድም ሰው የለም። ዘመድኩን ለከሰል የሚሆነውን ጋዝ ደፋበት፤ እሳቱ ቦግ ይልና ድርግም ይላል። እንደገና ይደፋበታል፤ ቦግ፣ ድርግም።

«ቢፈለጥ እኮ ውስጡ ደረቅ ነው» አለች ጸሐይ።

ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ጥቂት ቆይቶ ከወንዶቹ አንዱ አገጩን እያሻሸ «እኔ የምለው፣ ይኼ ነገር ቢፈለጥ ውስጡ ደረቅ ሳይሆን አይቀርም» ሲል ሁሉም «ልክ ነው! ልክ ነው!» አሉት። በምን እንደሚፈለጥ ሲከራከሩ መሸ። ሥጋው ወደ በረዶ ሣጥኑ ተመለሰ፤ ሕዝቡ ቀዝቃዛ ወጥ በዳቦ በልቶ ተኛ። ጸሐይ ድንኳኗ ውስጥ ሆዷ እየጮኸ፣ ከረሃቡ ይልቅ ያቺ «ልክ ነው» የምትለው ቃል ስታቃጥላት ቆየች።

ሥራ ስትመለስ ለሊዮ ነገረችው። ሊዮ የአንሶላ ጋሪ የሚገፋ፣ ከሰሜን ኦንታሪዮ የማዕድን ከተማ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ፈቃድ ወስዶ አደን ይሄዳል።

«መጥረቢያ አያስፈልግሽም» አላት። «አንድ ጥሩ ወፍራም ቢላዋ ይበቃሻል። የሚታጠፍ አይደለም፤ ብረቱ ከጫፉ እስከ እጀታው ጭራ አንድ ወጥ የሆነ።»

«በቢላዋ እንጨት ይፈለጣል እንዴ?»

«ስለቱን ግንዱ አናት ላይ ታሳርፊዋለሽ። ከዚያ ጀርባውን በሌላ እንጨት ትመቺዋለሽ። እንጨቱ ራሱ ተከፍቶ ይጠብቅሻል።»

ጸሐይ ወዲያው ገባት። ሽብልቅ ነው፤ ወፍራም ጀርባ ያለው፣ ስለት የወጣለት ሽብልቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓቷ ስልኳ ላይ ጢማቸውን ያስረዘሙ ሰዎች ጫካ ውስጥ ቢላዋ ሲፈትኑ ታያለች። የብረቱን ዓይነት፣ የእጀታውን አያያዝ፣ የትኛው ውርጭ ላይ እንደሚሰበር፣ የትኛው ዝናብ ካገኘው ሌሊቱን እንደሚዝግ ለየች። ክረምቱን እንዲህ አሳለፈችና በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የፈለገችውን አዘዘች።

ቢላዋው የደረሰው እሷ ሥራ ላይ እያለች ነው። ቤት ስትገባ ካርቶኑ ተከፍቷል፤ ዘመድኩን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቢላዋውን ዘርግቶ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ኤርፖርት የጭነት ክፍል የሚሠራ ሰው ነውና ባለቤት የሌለው ሻንጣ ያገኘ ይመስል ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ ነው።»

«ቢላዋ መሆኑንማ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ለካምፕ ነው፣ ዘመዴ። እንጨት ለመፍለጥ።»

«ጸሐይ፣ ዜና አታይም እንዴ? ሰው ቢያይሽ ምን ይላል? ፖሊስ ቢያይሽስ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግድግዳው ይሰማ ይመስል። «ደግሞስ እንጨት ፍለጪ ብሎ ማን አዘዘሽ? እኔ የለሁም?»

አምና ጋዝ ሲደፋ የነበረውን ሰው ልታስታውሰው አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው። ዘመድኩን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ደግሞ «ሰው ምን ይላል» የሚባለውን ነው። ተነሥቶ ቢላዋውን ከነሰገባው ኩሽና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ያለ ወንበር የማይደረስበት ቦታ ሰቀለው። መድኃኒት ከሕፃን የሚሸሸገው እንዲህ ነው።

ጸሐይ ያደገችው አዋሳ ነው። በበዓል ዋዜማ አባቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከወጣ እናቷ ዶሮውን አስታቅፋ በር ላይ ታቆማት ነበር፤ ሴት አታርድምና ወንድ ሲያልፍ ጠብቃ እንድትለምን። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ያገኘችው ወንድ ከጠዋቱ የሰከረ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ጎረቤት ነበር። ቢላዋውን ተቀብሎ ዶሮውን ሦስት ጊዜ ሳተው፤ በመጨረሻ የራሱን አውራ ጣት ቆርጦ እየተሳደበ ሄደ። እናቷ ምርጥ ዶሮ ጠባቂ፣ ሠላሳ ዶሮ በገዛ እጇ ያሳደገች ሴት፣ ያን ስለት አንሥታ መጨረስ አልቻለችም። ሌላ ወንድ እስኪያልፍ ቆመው ጠበቁ። ጸሐይ ወንበር ላይ ቆማ የቁም ሣጥኑን አናት በእጇ ስትዳስስ ትዝ ያላት ያ ጥበቃ ነው።

ቢላዋውን ያወረደችው ዘመድኩን ሥራ በሄደበት ቀን ነው። ከሰገባው ስታወጣው «ጭቅ» የሚል ድምፅ አሰማ። ብረቱ ጠቆር ያለ፣ ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ ጀርባው በውፍረቱ ሳንቲም ደራርበው ያጣበቁት የሚመስል ነው። ክብደቱ ከእጀታው ይልቅ ወደ ስለቱ ያደላል፤ ሲይዙት ወደ ፊት እንሂድ ይላል። እጀታው እንደ ጎማ ለስለስ ብሎ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነገር ስላለው በረጠበ እጅ እንኳ አይሾልክም። በልብስ ማጠቢያ የረጠበ እጅ ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናትና ይህን ወደደችለት።

ወረቀት ቆረጠችበት፤ ሳይቀድ ቆረጠ። ወፍራም ገመድ አስገባችለት፤ በአንድ ሳብታ ተበጠሰ። ከዚያ ካሮት ሰጠችው። ካሮቱ እስከ ግማሽ ከተቆረጠ በኋላ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀና ግማሹ ማቀዝቀዣው ሥር ተፈናጠረ። ጸሐይ ሳቀች። ወፍራም ነዋ! ለካሮት አልተሠራም። ሊዮም ብሏታል፤ ሁሉን እችላለሁ ከሚል ቢላዋ ሽሺ ብሏት ነበር።

እንጨት ግን መሞከር ነበረባት። ነዳጅ ማደያ ከሚሸጠው ማገዶ አንድ እስር ገዝታ፣ በአሳንሰሩ በስንት ሰው ፊት አውጥታ፣ በረንዳው ላይ አሮጌ ምንጣፍ አነጠፈች። ግንዱን አቆመች፣ ስለቱን አናቱ ላይ አሳረፈች፣ በሌላ እንጨት ጀርባውን መታችው። ዷ! ስለቱ ገባ። ደገመችው። ዷ! ግንዱ ጥርሱን ነክሶ ያዘው። ሦስተኛውን ልትመታ ስታነሣ በሩ ተንኳኳ።

የሕንፃው ተቆጣጣሪ ዙበይር ነው፤ የጅማ ልጅ፣ ጨዋ፣ ሁልጊዜ ከቁልፎቹ ጋር የሚንሿሿ።

«እህቴ፣ ይቅርታ። ከታች ኮምፕሌይን አደረጉ። ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው አለ ነው የሚሉት።»

«ግድግዳ አይደለም። እንጨት ነው። ቢላዋ እየሞከርኩ ነው።»

ዙበይር ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ በረንዳውን አየ። ግንዱ ቆሟል፤ ቢላዋው አናቱ ላይ ተሰክቷል።

«ወይ ጉድ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ባልሽ ያውቃል?»

ጸሐይ በሩን በሰላምታ ዘጋችው፤ ተናዳ ወደ በረንዳው ተመለሰች። ሰውዬው ሕንፃው ምን ይሆናል ቢል፣ ጎረቤት ታወከ ቢል ይገባታል። ባልሽ ያውቃል! ቢላዋውን ከግንዱ ለማላቀቅ ስትታገል፣ ከታች ሌላ ሰው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብባት ጀመር።

ከዚያ ወንዙን አሰበች። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቢላዋውን በፎጣ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ሥር አድርጋ፣ በሀምበር ወንዝ ዳር በሚሄደው መንገድ ወረደች። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነፋስ የጣለው ትልቅ ዛፍ ተጋድሟል። አጠገቡ ቆመች። ውሻ የያዘች ሴት አለፈች፤ ፈገግ አለችላት። ሯጭ አለፈ። ጋሪ የሚገፉ ወላጆች አለፉ። ጸሐይ እጇን ቦርሳው ውስጥ እንደከተተች ራሷን ከውጭ አየችው፤ የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ የለበሰች ጥቁር ሴት፣ ዛፍ ሥር ብቻዋን፣ ከቦርሳዋ ይህን የሚያህል ቢላዋ ስትመዝ። ደግሞስ በከተማው ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። ፎጣውን ሳትፈታ ተመለሰች። ዘመድኩን በዚህ በኩል እውነት ነበረው፤ ይኸው ደግሞ የበለጠ አናደዳት።

ስለዚህ የቀረው ካምፑ ነው። ሰመር እስኪደርስ ቆጠረች።

በዚህ ዓመት ካምፑ ላይ ጋሽ ሰብስቤ ተጨመሩ። ጋሽ ሰብስቤ የዘመድኩን ታላቅ ወንድም ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ፓርክዴል ውስጥ በአንዲት ክፍል ኖረው፣ የቀረውን ቤተሰብ ሁሉ ስፖንሰር አድርገው ያመጡ እሳቸው ናቸው። ዘመድኩን በሳቸው ፊት እግሩን አጣምሮ አይቀመጥም። ጸሐይም ብትሆን የመጣችው በሳቸው ፊርማ ነውና አንገቷ በሳቸው ዘንድ ሁልጊዜ እንደተደፋ ነው።

ማገዶው እንደ አምናው ወፍራም ነበር። ጸሐይ ግን ተዘጋጅታለች። ግንዱን አቆመች፤ መምቻ የሚሆን ጠንካራ ቅርንጫፍ መረጠች፤ ቢላዋውን ከሰገባው አወጣች። ስለቱን አናቱ ላይ አስተካክላ ስታሳርፍ ከኋላዋ ሳቅ ሰማች።

«ምን ጉድ ነው! ዘመድኩን፣ ሚስትህ ጎራዴ ይዛ መጣች እንዴ? እስቲ ወዲህ በይው ልጄ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። እኔ እፈልጠዋለሁ» አለች።

«አይ አይ! እኛ ቆመን እያየን?» ጋሽ ሰብስቤ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ነው የሚባለው። አምጪ!»

ወንዶቹ ሳቁ፤ ሴቶችም ሳቁ። ጸሐይ ዘመድኩንን አየችው። ዘመድኩን ጫማውን ያያል። በሁለት እጇ፣ እጀታውን ወደሳቸው አድርጋ ሰጠቻቸው። ሌላ ምን ታደርግ?

ጋሽ ሰብስቤ ግንዱን አጋደሙትና እሳት በሚነድበት የብረት ቀለበት ጠርዝ ላይ አስደገፉት።

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም። ቆሞ ነው። ጀርባውን ነው የሚመቱት...»

«እንጨት መፍለጥ ታስተምሪኛለሽ?»

ክንዳቸውን አንሥተው እንደ መጥረቢያ ወረዱበት። ስለቱ እንጨቱን ላጥ አድርጎ አለፈ። ደግመው ሲወርዱ ግንዱ ተሽከረከረና ብረት ከብረት ተጋጨ፤ ቃጭል የመሰለ ድምፅ ወጣ። ጸሐይ ጥርሷን የመቷት መሰላት። ጋሽ ሰብስቤ ቢላዋውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከስለቱ መካከል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ተሸርፋለች።

«ዕቃው ደካማ ነው» አሉ። «አታለውሻል።»

«ምንም አይደል ጋሼ» አለ ዘመድኩን ፈጠን ብሎ። «ምንም አይደል። ዕቃ ነው።»

ጋሽ ሰብስቤ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ስለ ሱዳን መንገድ ማውራት ጀመሩ። ጸሐይ አንሥታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ሰገባው ውስጥ ከተተችው፤ ማንንም ሳታናግር ወደ ሐይቁ ወረደች። ውሃው ዳር ቆማ ዕንባዋ መጣ። ስለ ብረቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ ያሰበችውን ነገር ገና አንድ ግንድ እንኳ ሳትፈልጥበት ሰው ወስዶ፣ ሰብሮ፣ ዕቃው ደካማ ነው ብሎ መለሰላት። ያንን ምሽት ከጎረቤት ድንኳን የመጡ ሰዎች መጥረቢያ አውሰው እሳት ተለኮሰ። ጸሐይ ሥጋውን አልቀመሰችም።

ቤት ስትመለስ ሞረድ ገዛች። ሞረዱ ብረቱ ላይ እንደ መስታወት ተንሸራተተ፤ አንዲት ጭረት እንኳ አላወጣም። ተስፋ ቆርጣ ለሊዮ አሳየችው። ሊዮ የተሸረፈውን ቦታ በጥፍሩ ዳሰሰና አፏጨ።

«ሞረዱ ካልነከሰው ብረቱ ጥሩ ነው ማለት ነው» አላት። «ከብረት ጋር ተጋጭቶ ይህቺ ብቻ መሸረፏም ቁም ነገር ነው፤ ደካማው እስከ ጀርባው ይሰነጠቃል። ሻካራ ድንጋይ ያስፈልግሻል። ክንድና ትዕግሥትም።»

ክንዱ ነበራት። በየምሽቱ ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጨርቅ ታነጥፍና መሳያ ድንጋዩን አስቀምጣ ትስላለች። ሽርፏ እስክትጠፋ ስለቱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ማውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ቦታዋ ላይ ብቻ ከተሳለ ሆዱ ይጎደጉዳል። ጥቁር ጭቃ ድንጋዩ ላይ ይወርዳል፤ ጣቷ ይቆሽሻል። ስለቱን ከመብራት ትይዩ ታደርጋለች፤ ሽርፏ አለች። ትስላለች፤ አሁንም አለች። ዘመድኩን ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ሩሀማ ከክፍሏ ብቅ ብላ «ማም፣ ዛት ሳውንድ ኢዝ ኪሊንግ ሚ» ብላ በሯን ትዘጋለች።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሰብስቤ ሊጠይቋቸው መጡ። ጸሐይ ተነሥታ ሰላም አለች፣ ሻይ አቀረበች፣ ተመልሳ ድንጋይዋ ጋ ተቀመጠች። ጋሽ ሰብስቤ ሻዩን ፉት እያሉ አዩዋት።

«ይኼን ነገር ለባለሙያ ብትሰጪው አይሻልም? ከመጀመሪያውም ጉድለት ነበረበት እኮ።»

የጸሐይ እጅ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ጋሼ፣ ጉድለት አልነበረበትም። የሸረፉት እርስዎ ነዎት።»

ዘመድኩን ሪሞቱን እንደያዘ ደነዘዘ።

«ምን አልሽ?»

«እንደሱ አይደለም ብዬ ነግሬዎት ነበር። አልሰሙኝም። ብረቱን ብረት ላይ መቱት፣ ተሸረፈ። ከዚያ ዕቃው ደካማ ነው አሉ። እርስዎን አከብራለሁ፤ ይህን ግን ቤቴ ተቀምጠው ደግመው ሲሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ጋሽ ሰብስቤ ሲኒውን አስቀመጡ። ኮታቸውን አነሡ። «ዘመድኩን፣ አሳንሰሩ ድረስ ሸኘኝ» አሉና ወጡ። ሻያቸው እንፋሎቱን ሳይጨርስ ቀረ።

ዘመድኩን ሲመለስ ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ለአንድ ቢላዋ! ላመጡን ሰውዬ! ለአንድ ቢላዋ ብለሽ!»

«ለቢላዋው መሰለህ?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ጸሐይ ልታስረዳው ሞከረች። ስለ ጋዙ፣ ስለ «ልክ ነው»፣ ስለ ዙበይር፣ ከእጇ ስለተወሰደበት ሁኔታ ተናገረች። ቃሉ ሲወጣ ትንሽ ትንሽ ሆነባት፤ አንዱ ከሌላው ጋር አልደመር አላት። ዘመድኩን ግንባሩን ይዞ ሰማትና «ይቅርታ ጠይቂያቸው» ብሎ መኝታ ቤት ገባ። አልጠየቀችም። ጋሽ ሰብስቤም አልደወሉላትም። ለዘመድኩን ሲደውሉ «ቤተሰብ ደኅና ነው?» ይላሉ፤ ስሟን አይጠሩም። ነገሩ አጥንት ሆኖ ቤቱ መካከል ተጋረጠ።

ሽርፏ የጠፋችው ቅጠል ቢጫ ማለት ሲጀምር ነው። በምስጋና ቀን ዕረፍት ጸሐይ ድንኳን ይዛ ልትሄድ መሆኗን ተናገረች። ሩሀማ ሳትጠየቅ «አይም ካሚንግ» አለች። ዘመድኩን «በዚህ ብርድ!» አለ፤ «ብቻችሁን አይሆንም» አለ፤ እያጉረመረመ ዕቃውን መኪናው ውስጥ ጫነ።

ፓርኩ ሲደርሱ ይዘንብ ነበር። ሄድ መለስ የሚል፣ ልብስ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ የመጸው ዝናብ። ማገዶው ያው ነው፤ ወፍራም፣ ላዩ የራሰ። ሸራ ወጠሩና ጸሐይ ሥሩ ተንበረከከች። ግንዱን ጠፍጣፋ ጉቶ ላይ አቆመች። ስለቱን አናቱ ላይ አሳረፈች። መታችው። ገባ። ከግንዱ ወዲያ የወጣውን የቢላዋውን ጫፍ መታችው። ግንዱ አቃሰተ፤ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ወረደበት። አንድ ጊዜ ደገመችው፤ ተከፈለ።

ውስጡ እንደ ዳቦ ነጭና ደረቅ ነበር።

ግማሹን ግማሽ አደረገችው፤ ያንንም ደግማ ከፈለችው። ቢላዋው እጇን አልነዘረውም፤ ወፍራሙ ጀርባ ምቱን ይቀበልና እንጨቱን በጎንና በጎን ይገፋዋል። አንዱ ግንድ ቋጠሮ ነበረው፤ ስለቱ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ከዘመድኩን ወገን እንቅስቃሴ ሰማች። ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጁን ዘርግቷል።

«እስቲ ላግዝሽ፣ አምጪው...»

«አይ» አለች።

ከዚህ በፊት በዚህ ቃል ብቻ መልሳለት አታውቅም። «ቆይ ዘመዴ» ትላለች፣ «ግድ የለም» ትላለች፣ «አንተ ዕረፍ» ትላለች። የተዘረጋው እጅ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ኪስ ውስጥ ገባ። ጸሐይ መምቻውን በሁለት እጇ ይዛ ጫፉን አጥብቃ መታችው። ቋጠሮው እንደ አጥንት ጮኾ ተሰነጠቀ።

ከዚያ ከቀጭኑ ፍልጥ አንዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትልጠው ጀመር። ይህ የቢላዋው ደካማ ጎን እንደሚሆን ፈርታ ነበር፤ ወፍራም ነውና ረጅም ፍቅፋቂ ለማውጣት እጅን ያደክማል። እውነትም አደከማት። ስለቱን ዘንበል አድርጋ፣ ከክንዷ ይልቅ በትከሻዋ ስትገፋው ግን ፍቅፋቂው እንደ ሕፃን ፀጉር እየተጠቀለለ ተከመረ። በየምሽቱ ድንጋይ ላይ ያወጣችው ስለት ነበርና አንድም ቦታ አልያዛትም፤ ሽርፏ የነበረችበትን ቦታ በጣቷ ሳይሆን በእንጨቱ ፈለገቻት፤ አላገኘቻትም። በመጨረሻ ሲፋቅ ፍንጣሪ የሚረጭ የእሳት ዘንግ አውጥታ በቢላዋው ጀርባ ፋቀችው። ፍንጣሪው አንድ ጊዜ ጠፋ። ዝናቡ በንፋስ ገብቶ ፍቅፋቂውን ነካው፤ «ኧረ ባክህ!» አለች ለማን እንደሆነ ሳታውቅ። ደገመችው፤ ጠፋ። ሩሀማ ጃኬቷን ዘርግታ ከነፋሱ ከለለችላት። እንደገና ፋቀች፤ ፍንጣሪው ከፍቅፋቂው መካከል ቁጭ አለና ጭስ ሆነ፤ ጭሱ ነበልባል ሆነ።

«ማም!» አለች ሩሀማ። ከዚያ ብዙም በማትናገረው አማርኛ «በጣም ጎበዝ ነሽ» አለች።

ጸሐይ ቀጭኑን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ ቀጥሎ ወፍራሙን ጨመረች። እሳቱ ዝናቡን ችላ ብሎ ተነሣ። ስለቱን በጨርቅ አደረቀችው፤ እንዳይዝግ ከኩሽና ያመጣችውን ዘይት ቀባችው፤ ከዚያ ከነሰገባው ዳሌዋ ላይ አንጠለጠለችው። ደስ ብሏት ነበር፤ ንዴቱ ግን አብሮ ተቀምጧል። ይህን ያህል ነገር ለማየት ከዓመት በላይ ሙግት ያስፈልግ ነበር ወይ?

የዘመድኩን ስልክ ጮኸ። ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ዘመድኩን ከሸራው ሥር ሳይወጣ አነሣው።

«አቤት ጋሼ! ደርሰናል። አዎ፣ ዝናብ አለ። አይ፣ አልበረደንም፤ እሳት አንድደናል፣ ደኅና አድርገን ነው ያነደድነው።»

ጸሐይ ቀና ብላ አየችው። ዘመድኩን ዞር አለ፤ ተመልሶ እሳቱን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማለቴ... ጸሐይ ናት ጋሼ። ጸሐይ ናት ያነደደችው። በዚያች በቢላዋዋ።»

እሳቱ ይንጣጣል። የጋሽ ሰብስቤ ድምፅ ከስልኩ በጥቂቱ ተሰማ፤ መንገዱ ላይ ትራፊክ ነበረ ወይ ብለው ጠየቁ።

«ትንሽ ነበረ» አለ ዘመድኩን።

ጸሐይ በአፍንጫዋ ሳቀችና ድስቱን እሳቱ ላይ ጣደች።